የድሮ የአራዳ ቤት ሲቀባ፦ ከፕላስቲክ ይልቅ ኖራ

ሰፊ በረንዳና የተፈለፈለ እንጨት ያላቸው፣ የሕንድና የአርመን ግንበኞች እጅ ያረፈባቸው የምኒልክ ዘመን ቤቶች በአዲስ አበባ እየተመናመኑ ነው። የሼክ ሆጀሌ ቤትና የራስ ብሩ ቤት የነበረው የአዲስ አበባ ሙዚየም እስካሁን ቆመዋል። ሰው የሚኖርባቸውን የዘመኑን ጭቃ ቤቶች ግን በበጎ ሐሳብ የሚቀባ ፕላስቲክ ቀለም ከዝናቡ እኩል እየጎዳቸው ነው።

ጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የሳበውን በገጹ በኩል መልሶ ማስወጣት አለበት። ፕላስቲክ ይህን መውጫ ይዘጋዋል፤ ኖራ ግን እርጥበቱን ያሳልፋል። ክረምት ሲያልፍ ቀለሙ ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ያብጣል፤ ሲነካ እንደ ቅርፊት ይነሳና ከጀርባው የላላ ጭቃና ነጭ ጨው ይረግፋል። ሌላ ዙር ፕላስቲክ ቢደረብ እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይቆምም።

ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳውን አስተካክሉ። የግቢው አፈር ከድንጋዩ መሠረት በላይ ከፍ ብሎ ከሆነ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ግድግዳውን በጣት አንጓ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ሁሉ ይነሳል። የተነሳው በጤፍ ጭድ በቦካ ጭቃ ይመረግ፤ ሲሚንቶ አይግባበት። ጭቃው ሲረጥብና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው ግን ግትር ነው፤ በመካከላቸው በሚከፈተው ስንጥቅ ውሃ ገብቶ ማገሩን ያበሰብሳል።

የድሮውን ቀለም ሁሉ ከመፋቃችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከበሩ መቃን አጠገብ መዳፍ የምታህል ቦታ መርጣችሁ ንብርብሩን በስለት አንድ በአንድ፣ እንደ ደረጃ ግለጡ። እያንዳንዱን በእርጥብ ስፖንጅ ስታብሱት እውነተኛ መልኩ ይወጣል። በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት። የቤቱ ትዝታ እዚያ ነው ያለው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ኖራውን ወደ ውሃ ጨምሩ፤ ውሃ ወደ ኖራ አይፈስም፣ በተለይ ያልበረደ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልነካው ኖራ ከሆነ ይፈላና ይረጫል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው። የተገዛው ዱቄት ቢያንስ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይደር። የተኛውን ሊጥ 1 እጅ በ2 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ በወንፊት አጥልሉት፤ ወተት ይምሰል። ቀለም ካሻችሁ ቀይ ወይም ቢጫ የአፈር ቀለም ጨምሩበት፤ ከኖራው ክብደት 10 በመቶ ካለፈ ግን አይይዝም። ሲደርቅ በጣም ስለሚነጣ ናሙናውን አድርቃችሁ እዩ። ለአንድ ግድግዳ የሚበቃውንም በአንዴ በጥብጡ፤ ሁለተኛው ብጥብጥ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም።

ግድግዳውን ውሃ አርከፍክፉበትና በሰፊ ብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የመጀመሪያው ዙር ምንም ያልተቀባ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያወፍረዋል፣ የወፈረው ይሰነጠቃል። በየቀኑ አንድ ዙር፣ በጠቅላላው 4 ወይም 5 ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትቀቡ፤ ምሥራቁን ከሰዓት፣ ምዕራቡን ጠዋት ሥሩት። ኖራ የሚጠነክረው እርጥበቱ ሳያልቅ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ ነው፤ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ልብስ ላይ ይቀራል።

የበረንዳው እንጨት ለብቻው ይታያል። የቆየ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በእሳት አይላጥ፣ በደረቁም አይፈተግ፤ በውሃ እያረጠባችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት፣ ልጆችን አርቁ፣ ፍቅፋቂውን በላስቲክ ሰብስቡ።