«አስበንልሽ ነው»

ከወሊድ ፈቃድ በተመለስሁበት ሰኞ ጠዋት፣ ከደሴ የሚነሣው የሠራተኞች ሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሐሳቤ ሁሉ ከእናቴ ጋር ትቻት በመጣኋት ልጄ ላይ ነበር። ስለ ሥራዬ አልተጨነቅሁም። ወደ ፈቃድ ከመውጣቴ በፊት የመለዋወጫ መጋዘኑን ዕቃ በየመደርደሪያው ቆጥረን፣ የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ ከመዝገቡ ጋር አመሳክረን፣ ርክክቡን ተተኪዬን አስፈርሜ አንዱን ቅጂ ይዤ ነበር የሄድሁት። ኮምቦልቻ ደርሰን ከፋብሪካው በር ላይ ስንወርድ ጥበቃው አባት ሁለት እጄን ይዘው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን፤ ወሎ ውስጥ አራስን ደስ የሚላትን ቃል መንፈግ ነውር ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰሌዳውን አይተሻል ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ሰሌዳው ላይ የአዲሱ መዋቅር ምደባ ተለጥፏል። የእኔ መደብ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ገቢና ወጪ፣ ሌላው ክምችት ቁጥጥር ሆኗል፤ በሁለቱም ላይ ስሜ የለም። ወረድ ብዬ መዝገብ ቤት ከሚለው ረድፍ አገኘሁት። ሌላው ሠራተኛ ሦስት መደቦችን በቅደም ተከተል የሚመርጥበትን ቅጽ ሞልቶ ነበር፤ የቅሬታ ማቅረቢያው 10 ቀንም እኔ ቤት ሳለሁ አልፏል። ለእኔ ቅጽ የሰጠኝ የለም።

የሰው ሀብት ኃላፊው በአክብሮት ተቀበሉኝ። ስለ ሕፃኗ ስምና ስለ እንቅልፏ ጠየቁኝ፤ ወንበርም ራሳቸው ሳቡልኝ። ቅጹ ለምን እንዳልደረሰኝ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦

«አብሽሪ እኅቴ፣ አስበንልሽ ነው። መጋዘን ማሽን በቆመ ቁጥር በማታም በእሑድም ይጠራል። መዝገብ ቤት ግን በሰዓትሽ ገብተሽ በሰዓትሽ ትወጫለሽ። ደመወዝሽም አልተነካም።»

«እኔን ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«አራስ ቤት ያለችን ሴት በቢሮ ጣጣ ማስቸገር ደግ አይደለም ብለን ነው።»

መልስ አጣሁ። ቢቆጡኝ ኖሮ እከራከር ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ታላቅ ወንድም በለሰለሰ ድምፅ ነበር የሚናገሩት። በዚያው ቅጽበት ጡቴ ሞልቶ ወተቱ ሸሚዜን ሲያረጥበው ተሰማኝ፤ ልጄ የምትጠባበት ሰዓት ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊት ሳብሁት። ኃላፊው ዐይናቸውን ወደ ኮምፒውተራቸው መለሱ፤ እኔ ግን ያ እርጥብ ሸሚዝ እሳቸው ላሉት ሁሉ ማስረጃ ሆኖ የተቆጠረብኝ መስሎኝ አፈርሁ። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ማፈሬ ነው። የጤና ባለሙያዎች እስከ 6 ወር ጡት ብቻ አጥቢ ይሉናል፤ ፈቃዱ ከዚያ ቀድሞ የሚያልቅ በመሆኑ፣ ጡቷ የሞላ እናት በሥራ ገበታዋ ላይ መገኘቷ ሊያስደንቅ የሚገባው ነገር አልነበረም።

የሠራተኛ ማኅበራችን ተወካይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጠው አነበቡልኝ። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል፤ ከወሊድ በኋላም 4 ወር እስኪሞላት ድረስ እናቲቱን ከሥራ ማሰናበት ይከለክላል። «አንቺ ግን አልተሰናበትሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የእኔም ጥያቄ ስለ ስንብት አልነበረም። የጠየቅሁት፣ በሕግ የተሰጠኝ ፈቃድ ስለ ራሴ ሥራ እንዳልጠየቅ ምክንያት የሚሆንበትን አግባብ ነበር።

በኃላፊው ፊት ያጣሁት መልስ የመጣልኝ ወደ ደሴ ስንመለስ ነው። በፈቃዴ ወራት ስልኬ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። ተተኪዬ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። አንድ ቀን ልጄን አቅፌ እያጠባሁ፣ መካኒኩ የወሰደው ቤሪንግ (የማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ማሽኑ ላይ ካለው መቀመጫው አልገባ ያለው ለምን እንደሆነ አስረዳሁት፦ 6205 እና 6305 የሚባሉት የቤሪንግ ቁጥሮች የውስጥ ቀዳዳቸው እኩል 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውጫቸው ግን አንዱ 52፣ ሌላው 62 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሳጥኖቹ ሊቀላቀሉ አይገባም። ስለ ቤሪንግ ስጠየቅ አራስ መሆኔን ያስታወሰ አልነበረም። ስለ ቅጹ ግን አንድም ቀን አልተነሣልኝም። ባልደረባዬን እወደዋለሁ፤ ያ ዝምታው ግን ከኃላፊው ንግግር ይልቅ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ዛሬ ገቢና ወጪ የሚለው መደብ የእሱ ነው።

ያን ሌሊት ልጄ ስትተኛ በስልኬ ላይ የቀሩትን ጥሪዎች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ገልብጬ፣ ከርክክቡ ቅጂ ጋር አያይዤ ቅሬታዬን ጻፍሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በክምችት ቁጥጥር መደብ ላይ እንድሠራ ተወሰነልኝ። መጋዘኑ ገብቼ የመጀመሪያውን ቢን ካርድ ስገልጥ፣ ከእኔ የእጅ ጽሑፍ በታች የሌላ ሰው ጽሑፍ ተከታትሏል፤ ከሥሩ ቀኑን ጽፌ ቆጠራዬን ጀመርሁ።

ውሳኔው የተጻፈበት ደብዳቤ ግን «የወለደች እናት መሆኗን ከግምት በማስገባት በልዩ አስተያየት» ይላል። አስተያየት እንዳልጠየቅሁ፣ የጠየቅሁት ሌሎች የሞሉትን ቅጽ መሆኑን ገልጬ ያ ሐረግ እንዲታረም ሁለተኛ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ማኅተም መትቶልኛል፤ መልሱ እስካሁን አልመጣም።