ሦስት ብር

ምግብ ቤታችን ቫት (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ውስጥ የገባ ሰሞን ካሸር ነበርኩ። ዓመታዊ ሽያጫችሁ ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ ነው ተባልንና ተመዘገብን፤ የደረሰኝ ማሽኑ ላይ 15 በመቶ ተሞላ። ሜኑው ግን አልተቀየረም። አለቃችን የማሳተሚያው ወጪ ስለከበዳቸው በር ላይ አንዲት ወረቀት ለጠፉ፤ «ዋጋችን ቫትን አይጨምርም» የምትል። ፀሐይ መታትና በሳምንቷ ደበዘዘች።

ሽሮ በሜኑው 180፣ በደረሰኙ 207 ሆነ።

ያቺ 7 ብር ናት ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው። ድሮ ደንበኛው 200 ብር ያስቀምጥና «ያዢው» ብሎ ይነሳል። 20 ብሩ የአስተናጋጇ ነው። ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር የአስተናጋጅ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በዚያች 20 ብር ነው። አሁን ግን 200 የሰጠ ሰው እንደገና ኪሱን መፈተሽ አለበት። እየፈተሸ ይናደዳል። የሚናደደው ደግሞ ፊቱ በቆመችው ልጅ ላይ ነው።

አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ከምሳ ሰዓት የማይቀሩ። ልጅቷ ደረሰኙን አስቀመጠችላቸው።

«ትናንት 180 ከፍዬ ነው የሄድኩት። ሽሮው ላይ ምን ጨመራችሁ?»

«ቫት ነው ጋሼ። ለመንግሥት ነው የሚገባው።»

«በሜኑው ላይ የታለ?»

ዝም አለች። ምን ትበል? በ200 ብሩ ላይ አስር ብር ደረቡና ተቀመጡ። «መልሴን አምጪ።»

ወደ እኔ መጣች። ሦስት ብር። መሳቢያዬ ውስጥ አንዲት የአንድ ብር ሳንቲም አልነበረችም። «ዝርዝር የለም በያቸው» አልኳት። ሄዳ ነገረቻቸው። ድምፃቸው እስከ ኩሽና ተሰማ፤ «ሌባ» የሚል ቃልም ወጣ። ልጅቷ ሽርጧ ኪስ ውስጥ እጇን ከተተችና የራሷን አምስት ብር አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ተቀብለው ወጡ።

እኔ ከማሽኑ ኋላ ቆሜ አየሁ። ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ ሜኑውን ያልቀየርነው እኛ ነን» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አምስት ብሯንም በማግስቱ ነው የመለስኩላት።

አለቃችንን ለብቻቸው መውቀስ አልፈልግም። ሽንኩርቱም ቅቤውም ከገበያ ያለ ደረሰኝ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ለመንግሥት ከሚያስገቡት ላይ የሚቀናነስላቸው፣ ሲገዙ የከፈሉት ቫት የለም ማለት ይቻላል። ከደንበኛው የተሰበሰበው እንዳለ ወር ሲደርስ ለመንግሥት ይገባል። ሰው ግን ጭማሪው ኪሳቸው የሚገባ ይመስለዋል። ቢሆንም ወረቀት በር ላይ ለጥፎ ጠቡን ለአስተናጋጅ መተው ልክ አይደለም። ይህንን የዚያን ቀን ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ነገርኳቸው። የሒሳብ ባለሙያውም ደገፈኝ፤ ለደንበኛ የሚታይ ዋጋ ግብሩን ያካተተ መሆን እንዳለበት ሕጉም ይላል አላቸው። ሁለት ሳምንት ፈጅቶ አዲስ ሜኑ ታተመ። ሽሮ፣ ቫትን ጨምሮ፣ 210።

ጭቅጭቁ ቆመ። እውነት ለመናገር በማግስቱ ነው የቆመው። ሰው የሚከፍለውን አስቀድሞ ካወቀ 210 ብር እንኳ ያን ያህል አያስቆጣውም።

ቲፑ ግን አልተመለሰም። 210 የሚከፍል ሰው ሁለት መቶና አስር ብር ቆጥሮ ያስቀምጣል፣ ወይም በቴሌብር ልኮ ስልኩን እያሳየ ይወጣል። ልጅቷ ሦስት ወር ታገሰችና ሌላ ቤት ገባች። ጋሼ አንድ ቀን «ያቺ ቀጭኗ ልጅ የት ሄደች?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ትንሽ ቆዩና ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ።

እኔ አሁን ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ከታክሲ ረዳቶች መቶ ብር በሳንቲም እዘረዝራለሁ። መሳቢያዬ ባዶ ሆኖ አያውቅም።