ሦስት ማንኪያ

ድሬ፣ ከዚራ ጥላ ስር ሻይ አዝዤ «ስኳር ቀንሺልኝ» ስላት ባለ ሻይዋ «አቦ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። የሻዩን ስኳር እንኳን አውቀዋለሁ፣ ሲጨመር አየዋለሁ፤ የሚያናድደኝ ጣፋጭ ነው ብለን የማንጠረጥረው ነው፣ ካቻፑ፣ ዳቦው፣ የልጆቹ «ጁስ»።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2015 ባወጣው መመሪያ በቀን የምንወስደው የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ። መደበኛው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ብቻውን 35 ግራም አካባቢ አለው። በዚህ ሙቀት፣ ጫት ላይ ስንቱን እንደምንገለብጥ አስሉት!

ቺሊ ከ2016 ጀምሮ ስኳር የበዛበት እሽግ ፊት ላይ ጥቁር ስምንት ማዕዘን ምልክት ታስለጥፋለች። ለእኛም ይምጣ ባይ ነኝ። ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ማን ያነባል? የሐረር ሐልዋን ግን ተዉልኝ፣ እሱ ጣፋጭነቱን አልደበቀም።