620 ኪሎ ሜትር የሮጠ ጫማ

ለታላቁ ሩጫ መዘጋጀት ስጀምር የገዛሁት ጫማ አለቀ። ላዩን ብታዩት ግን አላለቀም። ባለፈው አጥቤ ሳሰጣው እናቴ «ይሄ እኮ አዲስ ነው፣ ለወንድምህ ስጠው» አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሮጬ ስመለስ ቅልጥሜን በውስጥ በኩል ያመኛል። መጀመሪያ በኮብልስቶኑ አሳበብኩ፣ ቀጥሎ በዕድሜዬ። ሁለት ቀን ሳርፍ ይተወኛል፣ ስሮጥ ይመለሳል። ጃንሜዳ የምናገኛቸው አንድ የድሮ ሯጭ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። «እስቲ አውልቀው» አሉኝና ጫማውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ከኋላ አዩት። ግራው ወደ ውስጥ ዘሟል። ጎኑን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። «ይሄማ እንጨት ሆኗል፣ ምን ቀረው?»

ለካ እኔ የማየው ከታች ያለውን ጎማ ነበር። ጎማው ጥርሱ ገና አልጠፋም። የሚያልቀው ግን በጎማውና በላዩ ጨርቅ መሃል ያለው ፎም ነው። ውስጡ በጥቃቅን አየር የተሞላ ነው፤ ስንረግጠው ይጨመቃል፣ ስናነሳው ይመለሳል። ሺህ ጊዜ፣ መቶ ሺህ ጊዜ ሲደበደብ መመለሱን ይተዋል። ከዚያ ምቱን የሚቀበለው እግራችን ነው። ብዙ ጊዜ የሚባለው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንደ ክብደታችን፣ እንደ አረጋገጣችንና እንደ መንገዱ ይለያያል። ደብተሬን አውጥቼ ደመርኩ። በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር፣ 31 ሳምንት። 620!

ከዚህ በፊት ደግሞ በተቃራኒው ተሸውጄ ነበር። መርካቶ አንድ ሳልቫጅ አገኘሁ፤ ሶሉ ምንም ያልተነካ፣ ዋጋውም ሸጋ። ሦስተኛ ቀኔ ላይ እንጦጦ ባሕር ዛፉ መሃል ሶሉ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። ባይሮጡበትም ማጣበቂያውና ፎሙ ተቀምጠው ያረጃሉ። በክሩ ጠፍሬ አስሬው እያነከስኩ ወረድኩ። ጫማ ሰፊው በማስቲሽ ለጥፎ ዙሪያውን ሰፋልኝ። ጎበዝ ነው፣ ዳግም አልተላቀቀም። ለመሮጥ ግን አልሆነም።

አሁን ስገዛ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። የሄድኩት ወደ ማታ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ስንሮጥም እንደዚያው። የምሮጥበትን ካልሲ ይዤ ሄድኩ። ከረጅሙ ጣቴ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ እንዲተርፍ ፈለግሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ትንሽ ስታደርገው ይለቅልሃል» ሲለኝ ትቼው ወጣሁ። በአንዱ ብራንድ 42 የሆነ እግሬ በሌላው 43 ሆነ፣ ስለዚህ ቁጥር ብቻ አይታችሁ በሰው አታስመጡ። ጫማውን አጠፍኩት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች ጋ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ካርቶን የሚታጠፈውን መለስኩት።

አንዱ ጓደኛዬ፣ ሯጯ ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 የገባችበትን ዓይነት ጫማ ካልገዛሁ ይላል። 138 ግራም ነው የሚመዝነው፣ ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፣ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ያህል ነው። እኔ አንድ ቀን ሮጬ የምጥለው ጫማ በ500 ዶላር ብገዛ ማታ ቤት የሚከፍትልኝ የለም።

አዲሱ 34 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የጀመርኩበትን ቀን ምላሱ ውስጥ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ እንጂ ፀሐይ ላይ አላሰጣውም። ቅልጥሜ ቀለል ብሎኛል፣ ዳገት ላይ ግን አሁንም ትንሽ ይጠዘጥዘኛል፤ ስለዚህ ይህን ሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምሮጠው።

አሮጌውን ወንድሜ አልፈልግም አለ። በቁጥር አራት ይበልጣታል፣ ግን እናቴ ጠዋት ጠዋት ግቢ ስትጠርግ ታደርገዋለች።