የድርጭቶች መናቆር፦ ኬጄን የማረጋጋበት መንገድ

ቤት ውስጥ የሚረቡት የጃፓን ድርጭቶች ሲያዩዋቸው የዋህ ይመስላሉ። ጥል ከተነሳ ግን አንዷ ሌላዋን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የራስ ቅሏ እስኪታይ ድረስ ልትነቁራት ትችላለች። ኬጅ ውስጥ ጥል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው የምትነቆረዋ ለምን ማምለጥ እንዳቃታት ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከኬጁ አሠራር፣ ከወንዶቹ ብዛት ወይም ከመብራቱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መጋባትንና ጥልን መለየት ያስፈልጋል። ወንዱ ሲጋባ የሴቷን የማጅራት ላባ በመንቁሩ ይዞ ይወጣባታል፣ በጥቂት ሴኮንድ ጨርሶ ይወርዳል፤ እሷም ላባዋን አራግፋ ወደ መኖዋ ትመለሳለች። ማጅራቷ ትንሽ ቢሳሳ አያስደነግጥም። ጥል ሌላ መልክ አለው፦ አባራሪው አንገቱን ዘርግቶ፣ ሰውነቱን ዝቅ አድርጎ ይገሰግሳል፤ ጭንቅላት ላይ፣ በተለይ ዓይን ዙሪያ ይነቁራል፤ ብትሸሸውም አይተዋትም። ጭንቅላቷን ማዕዘን ውስጥ ቀብራ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች ድርጭት ካየሁ ለነገ አላሳድርም፣ እዚያው እለያቸዋለሁ።

የጥሉ ትልቁ ምንጭ የወንዶች መብዛት ነው። ለ1 ወንድ ከ4 እስከ 5 ሴት አደርጋለሁ፤ ትንሽ ኬጅ ውስጥ ከአንድ በላይ ወንድ አላስገባም። ሴቶቹ ከዚህ ካነሱ ወንዱ እያፈራረቀ ያቆስላቸዋል። ጠቡ የሚጀምረው ለአቅመ ርቢ ሲደርሱ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ስለሆነ ወንዱን ከሴቷ ቀድሞ መለየት ይጠቅማል። የተለመደው ቡናማ ዝርያ በ3 ሳምንት ገደማ ደረቱ ይናገራል፦ የወንዱ ደረት ነጠብጣብ የሌለው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ የሴቷ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ነጭና አንዳንድ ሌላ ቀለም ያላቸውን ግን በዚህ መለየት ስለማይቻል እስኪደርሱ እጠብቃለሁ፤ ኩስ ከሚወጣበት ቀዳዳ በላይ ያለውን እብጠት ቀስ ብዬ ስጫነው ነጭ አረፋ ከወጣ ወንድ ነው። ትርፍ ወንዶች አብረው ካደጉ፣ ሴት ካላዩና የሴት ድምፅ ካልሰሙ ለብቻቸው በሰላም ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ ግን ሁልጊዜ የሚሳካ ነገር አይደለም፤ መለዋወጫ ኬጅ ሳያዘጋጁ መሞከር የለበትም።

ስለ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለአንድ ወፍ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል የሚል ነው። ለእኔ ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ እጥፉን ብሰጥ እመርጣለሁ። ሆኖም ሰፊ ሆኖ ባዶ የሆነ ኬጅ ከጠባቡ ብዙም አይሻልም፤ ተባራሪዋ የትም ብትሄድ ከአባራሪው ዓይን አትወጣምና። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው ጣውላዎች አቋርጬ አቆማለሁ፣ በሁለቱም ጫፍ ማለፊያ እተዋለሁ። አባራሪው ዒላማው ከዓይኑ ከተሰወረች ብዙውን ጊዜ ይተዋታል። መሸሸጊያ ሳጥን ሁለት በር ሊኖረው ግድ ነው፤ አንድ በር ብቻ ያለው ሳጥን ወጥመድ ነው፣ የከፋ ቁስል የሚደርሰውም እዚያ ውስጥ ነው። ማዕዘኖቹን በቅርንጫፍ ወይም አግድም በተጋደመ ጣውላ እዘጋቸዋለሁ። መኖና ውሃ ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ጫፍ ይቀመጣል፤ አለበለዚያ የበላይ የሆነችው መኖው ላይ ቆማ ሌሎቹን ታስርባለች። የኬጁ ቁመት ወይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ወይ ከሰው ቁመት በላይ ይሁን። ድርጭት ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ስለምትበር መካከለኛ ቁመት ጭንቅላቷን ያስመታታል፤ የደማ ጭንቅላት ደግሞ ሌሎቹን ለመንቆር ይጋብዛል።

መብራትን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እንቁላል ለማግኘት በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ወይም በጣም የሚያንጸባርቅ አምፖል ያበሳጫቸዋል። ብርሃኑን ወደ 8 ሰዓት ሳወርደው ወንዶቹ ይበርዳሉ፣ እንቁላሉም አብሮ ይቀንሳል ወይም ይቆማል፤ ስለዚህ ይህን የማደርገው ወንዶች ለብቻቸው ባሉበት ኬጅ ነው።

ላባ እየነቀሉ የሚበሉ ከሆነ መኖውን እፈትሻለሁ። ለሚያድጉት ቢያንስ 24 በመቶ፣ ለሚጥሉት 20 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ተራ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ከዚህ ያንሳል። የሚንከባለሉበት ደረቅ አሸዋ በሳህን ማስገባትና ቅጠል አንጠልጥሎ መስጠትም መንቁራቸውን ሥራ ያስይዘዋል።

አዲስ ወፍ ማስገባት ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዲሶቹ አራት ሳምንት ያህል በሌላ ክፍል ለብቻቸው ይቆያሉ፤ ይህ በሽታ እንዳያስተላልፉ ነው። ቀጥሎ በሽቦ ወንፊት ተለይተው ለአንድ ሳምንት ያህል ይተያያሉ። ከዚያ ነባሮቹን ሁሉ አውጥቼ ጉዝጓዙን እቀይራለሁ፣ ሳጥኖቹንና ጣውላዎቹን ቦታ አለዋውጣለሁ፤ ነባሮቹ «ቤቴ» የሚሉት ነገር እንዳይቀር ነው። ሊመሽ ሲል ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስገባና መብራቱን አጠፋለሁ። ቁርጡ የሚታየው በማግስቱ ንጋት ላይ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ከኬጁ አልርቅም። አንድ ወፍ ብቻዋን በጭራሽ አላስገባም፤ የሁሉም ዒላማ ትሆናለች። መጠናቸውም ተቀራራቢ መሆን አለበት።

አንዲት ወፍ ብቻ እያጠቃች ከሆነ የማወጣው አጥቂዋን ነው። ከአራት እስከ ሰባት ቀን ሌሎቹን ከማታይበት ቦታ ትቆያለች፤ ስትመለስ እንግዳ ስለምትሆን የነበራት የበላይነት ይላላል። የተነቆረችውን ግን ወንፊት አድርጌ እዚያው አጠገባቸው አኖራታለሁ፣ እንዳይረሷት። ቁስሏን አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው አሟሙቼ አጥባለሁ፤ ማደንዘዣ የተቀላቀለበት ቅባት ለወፍ አደገኛ ስለሆነ አልቀባም። አጥንት ከታየ ወይም ዓይን ከተነካ ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም ነው። ቆዳው ሳይደርቅ ሽቦውን አላነሳም፤ ቀይ ነገር ካዩ መልሰው ይነቁሯታል።

መንቁር መቁረጥን አልደግፍም፤ ሕመም ያስከትላል፣ የጥሉን ምክንያትም አያነሳም። አጥቂዋ ተመልሳ ያንኑ ከደገመች ሌላ ቡድን እሞክርላታለሁ፤ እዚያም ካልሆነላት በወንፊት ተለይታ ከሌሎቹ ጎን ትኖራለች። ለብዙ ጊዜ በሰላም የኖረ ቡድን ድንገት ከተናወጠ ግን አጥቂ ከመፈለጌ በፊት በባትሪ ብርሃን ሌሊት የሽቦውንና የጣውላውን ስንጥቅ አያለሁ፤ ደም የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች የሚወጡት በዚያ ሰዓት ነው። የተነቆረችውንም ክብደቷን መዝኜ፣ ኩሷን አይቼ አለመታመሟን አረጋግጣለሁ፤ ድርጭቶች የደከመችን ወፍ ከእኛ ቀድመው ያውቋታል።