የአባቴን ግፊት ከፍ የሚያደርግ ክኒን ከሚቆሙበት ሰዓት ጋር ያስማማሁበት መንገድ

አባቴ በፓርኪንሰን ሕመም ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ ከወንበር በተነሡ ቁጥር ዓይናቸው ይጨልምባቸው፣ ማጅራታቸውንና ትከሻቸውን ይጨመድዳቸው ጀመር። የነርቭ ሐኪማቸው አስተኝተው፣ ቀጥሎም አቁመው ግፊታቸውን ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በ3 ደቂቃ ውስጥ ከ20 ነጥብ በላይ ወረደ፤ የልብ ምታቸው ግን እምብዛም አልጨመረም። ግፊት ሲወርድ ልብ መፍጠን ሲገባው ምቱ ባለበት መቆየቱ፣ ችግሩ የውኃ እጥረት ሳይሆን የደም ሥሮች እንዲጠብቡ የሚያዝዙት ነርቮች መድከም መሆኑን እንደሚጠቁም አስረዱን።

አዲስ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የነባሮቹ ዝርዝር ታየ። ለፕሮስቴት የሚወስዱት ታምሱሎሲን ግፊት ስለሚያወርድ በሌላ ተተካ፤ የፓርኪንሰኑ መድኃኒት ሌቮዶፓም ያወርዳል፣ ያለ እሱ ግን መራመድ ስለማይችሉ ቀጠለ። ግፊታቸው ከፍ እንዲል ጨው እንዲጨምሩ መታዘዙ፣ ዕድሜ ልካቸውን «ጨው ቀንሱ» ሲባል ለሰሙ ዘመዶቻችን እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም።

ከዚያ ሚዶድሪን በ2.5 ሚሊግራም ተጀመረ፤ መጠኑም ቀስ በቀስ ከፍ አለ። ይህ ክኒን የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ኃይሉም በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ብሎ መዋጥ ስለዚህ አይሆንም፤ ማታ የተዋጠው ተኝተው ሳለ ግፊቱን ከልክ በላይ ያንረዋልና። እኔ ከክኒኑ በፊትና ከ1 ሰዓት በኋላ፣ ተኝተውም ቆመውም ያለውን ልኬት በደብተር መዘገብኩ። ቁጥሩ በጣም የሚወርደው ማለዳና ከከባድ ምሳ በኋላ መሆኑ ሲታይ፣ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ከአልጋ ሊነሡ ሲሉ፣ ሁለተኛውን ከምሳ በፊት፣ የመጨረሻውን ከመኝታቸው ቢያንስ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ አደረጉት። የእሑዱ ግን ለብቻው ታሰበ፤ አባቴ ንስሐ አባታቸውን አስፈቅደው፣ በሐኪሙም ስምምነት፣ የጠዋቱን ክኒን ወደ ቅዳሴው መጀመሪያ አስጠጋን። መቋሚያቸው ዛሬም አይለያቸውም።

የራስ ቆዳቸውን ማሳከኩና ጠጉራቸው መቆሙ የክኒኑ ጠባይ ስለሆነ ብዙ አላሳሰበንም። የሚያሳስበው ጋደም ሲሉ የሚመጣው የግፊት መናር ነው፤ ስለዚህ የቀን እንቅልፋቸው ወንበር ላይ ሆነ፣ የአልጋውም ራስጌ ከፍ አለ።

ፍሉድሮኮርቲዞን የተባለ ሌላ ግፊት ከፍ የሚያደርግ ክኒንም በ0.1 ሚሊግራም ታክሎ ነበር። ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ በማድረግ ስለሚሠራ ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ፣ በደም ምርመራ ፖታሲየማቸው ወረደ፣ የመኝታ ግፊታቸውም ጨመረ፤ ሐኪሙም አቋረጡት። በሰውነት ውስጥ ወደ ኖርኤፒኔፍሪን (የደም ሥሮችን ወደሚያጠብበው ንጥረ ነገር) የሚለወጠው፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ድሮክሲዶፓ በአማራጭነት ተይዟል። ሚዶድሪኑ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት እስከያዘልን ድረስ ግን ወደ እሱ አልተሻገርንም፤ በየቀጠሮው ሐኪሙ አስቀድመው የሚጠይቁኝ የቆሙበትን ሳይሆን ሌሊት ተኝተው የተለካውን ቁጥር ነው።