ፀሐይ የምትቀርብበት ወር ሲቀየር፦ ከደሴ እስከ አቤ ሐይቅ

ደሴ ላይ ብርዱ አጥንት የሚሰብረው በታኅሣሥ ነው። ምድር ለፀሐይ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ የምትቀርበውም ያኔ ነው፤ ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰኔ ማብቂያ 152 ሚሊዮን ይደርሳል። ወቅትን የሚያፈራርቀው እንግዲህ ርቀቱ ሳይሆን የምድር ዛቢያ ማዘንበሉ ነው።

ዝንባሌው ከግቢ ሳይወጡ ይለካል። ከመሬት በላይ ልክ 1 ሜትር የሚቆም በትር ተክሎ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ ማረጋገጥ ነው። ታኅሣሥ 12 እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ ሰሜን 69 ሳንቲ ሜትር፣ ሰኔ 14 ደግሞ ወደ ደቡብ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል። በታንጀንት ወደ ማዕዘን ሲለወጡ 34.6 እና 12.3 ዲግሪ ናቸው፤ ደምሮ ለሁለት ሲያካፍሉት 23.4 ይመጣል። የምድር ዝንባሌ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ሰዓታችን የሚቆጠረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው የ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ አናት የምትደርሰው ከ6 ሰዓት 20 ደቂቃ ገደማ አልፎ ነው። ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየ5 ደቂቃው ምልክት እያደረጉ አጭሩን ጥላ መውሰድ ይሻላል። የደሴ መሬት ተዳፋት ስለሆነም ጥላው የሚያርፍበትን ሰሌዳ በውሃ ልክ ማስተካከል ግድ ነው። ሰኔ 14 ቢደምን በፊቱ ወይም በኋላው ባለው ሳምንት ቢለካ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። የአንድ ዲግሪ ስህተት ግን ቀላል አይደለም፤ ዝንባሌው ራሱ በ41,000 ዓመት ዑደት የሚዋዥቀው ከ22.1 እስከ 24.5 ባለው ውስጥ ብቻ ነው።

ለእኛ ክረምት ይበልጥ ወሳኙ ሌላው እንቅስቃሴ ነው። ዛቢያው መሽከርከሩ እንደደከመ እንዝርት ክብ እየሠራ ይዋልላል፤ ምህዋሩም (ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ) ራሱ ቀስ እያለ ይዞራል። በዚህ የተነሳ ፀሐይ የምትቀርብበት ወር በ21,000 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። የዛሬ 11,000 ዓመት አካባቢ ቀረቤታው ክረምት ላይ ነበር። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የበጋ (ለእኛ የክረምት ወራት) ብርሃን ከዛሬው 7 በመቶ ያህል ስለበለጠ የብሱ ጋለ፣ ከውቅያኖስ እርጥብ አየር ሳበ፣ ዝናቡም በረታ። ሰሃራ ሐይቅና ሣር ነበረው።

ምስክሩ ቅርባችን ነው። የቦርከና ውሃ ከደሴ በኮምቦልቻ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በጅቡቲ ድንበር ባለው፣ መውጫ በሌለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። በዚያ ዘመን የአቤ ውሃ ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። የጥንቱ ዳርቻ ዛሬም ሜዳው ላይ ደረቅ ሆኖ ይታያል።

ከዚያም የባሰ ሙቀት የዛሬ 127,000 ዓመት ገደማ ነበር። ምህዋሩ ይበልጥ ሞላላ ስለነበር በቅርቡና በሩቁ ቀን መካከል የፀሐይ ብርሃን ልዩነት 17 በመቶ ያህል ደረሰ፤ ዛሬ 7 ገደማ ነው። የዋልታ በረዶ ቀልጦ ባሕሩ ከአሁኑ ከ6 እስከ 9 ሜትር ከፍ አለ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከሚሊዮን እጅ 280 ገደማ ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል።

«የአሁኑም ሙቀት የምህዋር ነው» ለሚሉ፦ ቀረቤታው ከወቅቶች አንጻር አንድ ቀን ለመሸጋገር 57 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አሁን ያለውም ታኅሣሥ ላይ ነው፤ በምህዋር ብቻ ቢሆን የሰሜኑ በጋ ቀስ እያለ መቀዝቀዝ ነበረበት።